ከማንግሮቭ ዛፎች የሚገኙ ፀረ-ባክቴሪያ ውሁዶች፦ የጠራው ክብ ምን ይነግረናል?

በቀይ ባሕር ዳርቻዎች፣ በተለይም ውኃው ረጋ በሚልባቸው ኩርባዎች፣ እግራቸው ባሕር ውስጥ የቆመ ዛፎች ይበቅላሉ። ባሕሩ ሲሞላ ግንዳቸው እስከ ወገቡ በጨው ውኃ ይዋጣል፤ ሲጎድል ደግሞ በዙሪያቸው ካለው ጭቃ በርካታ ቀጫጭን ሥሮች እንደ ተተከሉ እርሳሶች ቀጥ ብለው ይታያሉ። ሌላ ተክል ቢተከልበት በጥቂት ቀናት ውስጥ ጠውልጎ በሚደርቅበት በዚህ ስፍራ እነዚህ ዛፎች ያብባሉ፣ ያፈራሉ፣ ለዓሣና ለሸርጣን መጠለያ ይሆናሉ። በጥቅል ስማቸው ማንግሮቭ ይባላሉ።

ማንግሮቭ የአንድ የዕፅ ዝርያ ስም አይደለም፤ የአኗኗር ስልት ስም ነው ቢባል ይቀላል። በዝምድና እጅግ የተራራቁ ወደ 70 የሚሆኑ ዝርያዎች፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ፣ በየብስና በባሕር ድንበር ላይ መኖርን ተምረዋል። በሳተላይት ምስል በተደረገ ልኬታ በ2020 በዓለም ላይ የነበረው የማንግሮቭ ደን ወደ 147 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋ ነበር (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከእነዚህ ደኖች ታላቁ በሕንድና በባንግላዴሽ መካከል የተዘረጋው ሱንዳርባንስ ሲሆን፣ ስፋቱ 10 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

በቀይ ባሕር በብዛት የሚገኘው ዝርያ አቪሴኒያ ማሪና ይባላል። ስሙ ታሪክ አለው፤ ሊኒየስ የሰየመው በአውሮፓ አቪሴና እየተባለ በሚጠራው በታላቁ ሐኪም በኢብን ሲና ነው። ዝምድናው ደግሞ ለእኛ ቅርብ ነው። የዕፅዋት ተመራማሪዎች ዛሬ አቪሴኒያን የሚመድቡት በግቢያችን አጥር ላይ ከሚበቅለው ሰንሰልና በደጋው ዳገት ላይ ልብስ ከሚቀድደው ኮሸሽላ ጋር በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ነው። ባሕር የሌለው አገር ተማሪ ስለ ባሕር ዛፍ ቢያነብ ከዘመድ ቤት እንደ መግባት ይቁጠረው።

ስለ እነዚህ ዛፎች የምናነሣው ግን ለዝምድናቸው ስንል አይደለም። ፍሌሚንግ በ1928 ፔኒሲሊንን ካገኘ በኋላ ለጥቂት ዐሥርት ዓመታት የሰው ልጅ ባክቴሪያን ድል የነሣ መስሎት ነበር። ፍሌሚንግ ራሱ በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል መድኃኒቱ በአነስተኛ መጠን ከተወሰደ ባክቴሪያዎች እንደሚላመዱት አስጠንቅቆ ነበር። ያለው ደረሰ። በ2019 ብቻ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች በቀጥታ ለ1.27 ሚሊዮን ሰዎች ሞት ምክንያት እንደሆኑ ተገምቷል። በዚህም የተነሣ ተመራማሪዎች አዲስ ፀረ-ባክቴሪያ ንጥረ ነገር ፍለጋ ወዳልተፈተሹ ስፍራዎች ዓይናቸውን ጥለዋል፤ ከእነዚህም አንዱ የማንግሮቭ ደን ነው። ባለፉት ዐሥርት ዓመታት በተለይ ከሕንድ፣ ከቻይና፣ ከማሌዥያና ከኢንዶኔዥያ «የዚህ ማንግሮቭ ቅጠል ባክቴሪያን አገደ» የሚሉ የምርምር ጽሑፎች በብዛት ወጥተዋል። ሆኖም ከማንግሮቭ ዛፍ ተገኝቶ በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ እስካሁን የለም። በጽሑፎቹ ብዛትና በመድኃኒቱ አለመኖር መካከል ያለው ርቀት ከየት መጣ? መልሱን ለማግኘት ከቅጠሉ ተነሥተን ወደ ቤተ ሙከራው እንሂድ።

ዛፉ ኬሚስት የሆነበት ምክንያት

ተክል ከጠላቱ መሮጥ አይችልም፤ መከላከያው ኬሚስትሪ ነው። ማንግሮቭ ደግሞ ጠላቱ ብዙ ነው። የቆመበት ጭቃ ኦክስጅን የለውም ማለት ይቻላል፤ በዚያ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች የሚተነፍሱት ሰልፌትን በመጠቀም ስለሆነ ስፍራው እንደ ገማ ዕንቁላል ይሸታል። በእንዲህ ያለ ጭቃ ውስጥ እንጨት እንዳይበሰብስ ማድረግ ቀላል ሥራ አይደለም። ጨውን በተመለከተ ዝርያዎቹ ልዩ ልዩ ዘዴ አላቸው። ራይዞፎራ የሚባለው ወገን ከጨው አብዛኛውን ከሥሩ ላይ አጣርቶ ያስቀረዋል፤ አቪሴኒያ ግን የገባውን ጨው በቅጠሉ ላይ ባሉ ጥቃቅን ዕጢዎች በኩል ወደ ውጭ ያስወጣዋል። የአቪሴኒያን ቅጠል በምላስ ብንነካው ጨው ጨው የሚለን ስለዚህ ነው። ይህን የቅጠል ጨው አንባቢ በልቡ ይያዘው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ጨውና የሚያቃጥል ፀሐይ በተክሉ ሕዋሳት ውስጥ ጎጂ የኦክስጅን ቅርጾች እንዲበዙ ያደርጋሉ። ማንግሮቮች ይህን የሚመክቱት በአብዛኛው በፊኖል ውሁዶች፣ ማለትም በፍላቮኖይዶችና በታኒኖች ነው። በተጨማሪም ትራይተርፔኖይዶች (ለምሳሌ ሉፔኦልና ኦሊያኖሊክ አሲድ)፣ ዛይሎካርፐስ በተባለው ዛፍ ፍሬ ውስጥ ሊሞኖይዶች፣ በአቪሴኒያ ውስጥ ናፍቶኪኖኖች ይገኛሉ። ከብሩጊየራ ዛፍ ደግሞ ድኝ የያዙ፣ በተክሎች ዘንድ ብዙ ያልተለመዱ ቀለበታዊ ውሁዶች ተለይተዋል። ኤክሴካሪያ አጋሎቻ የተባለው ዝርያ ነጭ ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ለጊዜው እስከ ማሳወር ስለሚደርስ ዛፍ ቆራጮች በጥንቃቄ ይቀርቡታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስረግጠን እናልፋለን። ዛፉ እነዚህን ውሁዶች የሠራው ለራሱ ነው። በሆስፒታል አልጋ ላይ ያለን ሰው የሚያጠቃ ባክቴሪያ የዛፉ ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። የሰው ዕድል የሚሆነው ለአንዱ ጠላት የተሠራው መሣሪያ ለሌላው ሲሠራ ብቻ ነው።

ከቅጠል ወደ ኤክስትራክት

የመጀመሪያው ሥራ ውሁዶቹን ከቅጠሉ ማውጣት ነው። ይህን ሥራ ሁላችንም በቤታችን እናውቀዋለን። ቡና ስናፈላ በውኃ የሚሟሙትን ንጥረ ነገሮች ከተወቀጠው ቡና እያወጣን ነው። ቅቤ ስናነጥር ኮረሪማና ኮሰረት የምንጨምረው ደግሞ የቅመሞቹ መዓዛ ከውኃ ይልቅ በቅባት ውስጥ ስለሚሟሟ ነው። ኬሚስቱ ይህንኑ በሥርዓት ያደርገዋል። ቅጠሉን ወይም ቅርፊቱን አጥቦ፣ በጥላ አድርቆ፣ ፈጭቶ በአሟሚ ይዘፈዝፈዋል። አሟሚዎቹን በቅደም ተከተል ሊጠቀም ይችላል፤ ሄክሴን ቅባትና ሰም መሰሉን፣ ክሎሮፎርምና ኤቲል አሲቴት በመካከል ያሉትን፣ ሜታኖልና ውኃ ደግሞ ስኳርን፣ ታኒንንና ጨዎችን ያወጣሉ። ከዚያም ተጠልሎ፣ አሟሚው በዝቅተኛ ግፊት ተንኖ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር አረንጓዴ የሆነ ዝልግልግ ነገር ይቀራል። ኤክስትራክት የምንለው ይህ ነው። በውስጡ አንድ ውሁድ ሳይሆን በመቶዎች የሚቆጠሩ አሉ።

የሙቀት ጉዳይ ቀላል መስሎ የሚታይ ግን ብዙ ሥራ ያበላሸ ነው። ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የወባ መድኃኒት ስትፈልግ አርቲሚዥያ የተባለው ተክል አንዴ ይሠራል አንዴ አይሠራም ነበር። በሙቀት ማውጣቱን ትታ በ35 ዲግሪ አካባቢ በሚፈላ ኤተር ስታወጣው አርቲሚሲኒን ሳይበላሽ ተገኘ፤ ሥራዋም በ2015 ለኖቤል ሽልማት አበቃት። የፋብሪካ ያህል መሣሪያ አልነበራትም፤ አሟሚውን መለወጧ ነው ለውጡን ያመጣው።

የጠራው ክብ

አሁን ኤክስትራክቱ በእጃችን አለ። ባክቴሪያን ያግድ እንደሆነ ለማየት በጣም የተለመደው መንገድ የዲስክ ሙከራ ነው። አጋር በተሞላ የፔትሪ ሳህን ላይ ባክቴሪያው በእኩል ይቀባል። ብዛቱ የተወሰነ መሆን አለበት፤ በሚሊ ሊትር 150 ሚሊዮን ያህል ሕዋሳት ያለው ፈሳሽ ተዘጋጅቶ በጥጥ ይቀባል። 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ትናንሽ የወረቀት ዲስኮች በኤክስትራክቱ ይነከሩና ደርቀው በላዩ ላይ ይቀመጣሉ። ሳህኑ በ35 ወይም 37 ዲግሪ ያድራል። በማግስቱ ባክቴሪያው ሳህኑን እንደ ጉም ሸፍኖት ይገኛል፤ ንጥረ ነገሩ ካገደው ግን በዲስኩ ዙሪያ የጠራ ክብ ይታያል። የክቡ ስፋት በማስመሪያ ይለካል።

ይህ ሙከራ ውብና ርካሽ ነው፤ በማንኛውም ዩኒቨርሲቲ ሊሠራ ይችላል። ስሕተትም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። እስኪ በሥነ ጽሑፉ ውስጥ በየጊዜው የሚገጥመንን ዓይነት ውጤት እንደ ምሳሌ እንውሰድ። «ኤክስትራክቱ በኢ. ኮላይ ላይ 14 ሚሊ ሜትር ክብ ሠራ» ይላል እንበል። መጀመሪያ ዲስኩ ራሱ 6 ሚሊ ሜትር መሆኑን እናስታውስ፤ «6 ሚሊ ሜትር» ተብሎ የተመዘገበ ውጤት ማለት ምንም ማለት ነው። ቀጥሎ ዲስኩ ላይ ምን ያህል ንጥረ ነገር እንደ ነበረ እንጠይቅ። በሚሊ ሊትር 100 ሚሊ ግራም ካለው ኤክስትራክት 20 ማይክሮ ሊትር ተደርጎ ከሆነ፣ ዲስኩ 2 ሚሊ ግራም ማለትም 2000 ማይክሮ ግራም ይዟል። ለማነጻጸሪያ የሚቀመጠው የሲፕሮፍሎክሳሲን ዲስክ የሚይዘው 5 ማይክሮ ግራም ብቻ ሲሆን፣ ያልተላመደን ኢ. ኮላይ ግን 30 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ በሆነ ክብ ያግደዋል። ስለዚህ ኤክስትራክቱ 400 እጥፍ በዝቶ ተቀምጦ ከግማሽ ያነሰ ክብ ሠርቷል። ሁለቱን ክቦች ጎን ለጎን በሠንጠረዥ አስቀምጦ የዲስኩን ይዘት አለመጻፍ አንባቢን ማሳሳት ነው።

የክቡ ስፋትና የንጥረ ነገሩ ኃይል አንድ አለመሆናቸውም ሌላው ችግር ነው። ክብ የሚሠራው ንጥረ ነገሩ በአጋሩ ውስጥ ተሰራጭቶ ሲሄድ ነው። አጋር በአብዛኛው ውኃ በመሆኑ ቅባት ወዳድ የሆኑት ትራይተርፔኖይዶች ከዲስኩ ብዙ አይርቁም። ኃይለኛ ሆኖ በውኃ የማይሟሟ ውሁድ ትንሽ ክብ፣ ደካማ ሆኖ በቀላሉ የሚሟሟ ውሁድ ትልቅ ክብ ሊሠራ ይችላል። በሚሊ ሜትር ብቻ ተመርኩዞ «ይህ ከዚያ ይበልጣል» ማለት አይቻልም።

ይህን የምንለው ከመጽሐፍ ብቻ ተምረን አይደለም። በተማሪነታችን ዘመን የሰንሰል ቅጠል በሜታኖል አውጥተን ስንፈትሽ በሁሉም ሳህኖች ላይ ወደ 9 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ክብ አገኘን። ደስታችን ሁለት ሳምንት ያህል ቆየ። ኋላ አንድ መምህር «ባዶው ዲስክ የታለ?» ሲሉን መልስ አልነበረንም። በሜታኖል ብቻ የተነከረ ዲስክ ጨምረን ሙከራውን ደገምነው፤ ባዶውም 9 ሚሊ ሜትር ሠራ። ዲስኮቹን በሚገባ ሳናደርቅ ነበር ያስቀመጥናቸው፤ ባክቴሪያውን ያገደው ቅጠሉ ሳይሆን አሟሚው ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ የሌሎችን ሥራ ስናነብ ዓይናችን አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ባዶው ዲስክ ነው።

በማንግሮቭ ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ ይጨመራል፤ ቀደም ሲል ያልነው ጨው። የአቪሴኒያ ቅጠል በውኃ ወይም በሜታኖል ሲወጣ ጨውም አብሮ ይወጣል። ኤክስትራክቱ ሲደርቅ ጨው ይጠነክራል፤ ጠንካራ ጨው ደግሞ ብዙ ባክቴሪያዎችን ይጎዳል። ስጋ በጨው ታሽቶ ቋንጣ ሲሆን የማይበላሽበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ግን ጨው ይችላል፤ በቤተ ሙከራ ከሌሎች ለይተን የምናሳድገው 7.5 በመቶ ጨው ባለው አጋር ላይ ነው። እንግዲህ አንድ የቅጠል ኤክስትራክት ሌሎችን አግዶ ስታፊሎኮከስን ብቻ ካለፈው፣ ስለ አዲስ ውሁድ ከመጻፋችን በፊት ጨውን መጠርጠር ይገባል። ተመጣጣኝ የሶዲየም ክሎራይድ መጠን በሌላ ዲስክ ላይ አብሮ መፈተሽ የአንድ ቀን ሥራ ነው።

ከክቡ በኋላ

ክቡ መነሻ ጥቆማ ብቻ ነው። ቁጥር የሚሰጠን የማቅጠን ሙከራ ነው። በተከታታይ ቱቦዎች ውስጥ ኤክስትራክቱ በእያንዳንዱ እርምጃ በግማሽ ይቀጥናል፤ 1000፣ 500፣ 250፣ 125፣ 62.5 ማይክሮ ግራም በሚሊ ሊትር እያለ ይወርዳል። በእያንዳንዱ ቱቦ ውስጥ እኩል ብዛት ያለው ባክቴሪያ ይጨመራል። በማግስቱ ባክቴሪያው ያደገበት ቱቦ ይደፈርሳል፤ ያልደፈረሰው የመጨረሻ ቱቦ ዝቅተኛው አጋጅ መጠን ይባላል። የተክል ኤክስትራክት ራሱ ጠቆር ስለሚል ድፍርሱን በዓይን መለየት ካስቸገረ ሬዛዙሪን የተባለ ቀለም ይጨመራል፤ ሕያው ባክቴሪያ ካለ ሰማያዊው ወደ ሮዝ ይለወጣል።

ያልደፈረሰ ቱቦ ማለት ባክቴሪያው ሞተ ማለት አይደለም፤ አልተራባም ማለት ነው። ከቱቦው ጥቂት ወስደን በንጹሕ አጋር ላይ ስንቀባው እንደገና ካደገ ንጥረ ነገሩ ያገደው እንጂ የገደለው አልነበረም።

ቁጥሩን ወደ ሰው አካል እንተርጉመው። የአንድ ኤክስትራክት ዝቅተኛ አጋጅ መጠን በሚሊ ሊትር 5 ሚሊ ግራም ነው ቢባል፣ የአዋቂ ሰው ደም ደግሞ 5 ሊትር ያህል ስለሆነ፣ ይህን መጠን በደም ውስጥ ብቻ ለማግኘት 25 ግራም ኤክስትራክት ሳይበላሽ መሟሟት አለበት። ባለ 500 ሚሊ ግራም እንክብል ቢሆን ሃምሳ እንክብል መሆኑ ነው፤ ያውም በቀን ስንት ጊዜ እንደሚደገም ሳንቆጥር። በመስኩ ብዙዎች ኤክስትራክት በሚሊ ሊትር ከ100 ማይክሮ ግራም በታች ካላገደ ተስፋ ሰጪ አይሉትም። ለቆዳ ቁስል በሚቀባ ነገር ላይ ሚዛኑ ላላ ሊል ይችላል፤ ቅባቱ የሚያርፈው ከባክቴሪያው አጠገብ ነውና።

ታኒን፤ ቆዳን የሚያለፋው

በማንግሮቭ ቅርፊት ላይ የሚሠራ ሁሉ ሳይወድ በግድ የሚገጥመው ታኒንን ነው። ራይዞፎራና ሴሪዮፕስ የተባሉት ዛፎች ቅርፊታቸው በታኒን እጅግ የበለጸገ በመሆኑ በእስያ ለቆዳ ማልፊያ ሲያገለግሉ ኖረዋል። ዓሣ አጥማጆችም የክር መረባቸውን በተፈላ የማንግሮቭ ቅርፊት ውኃ ነክረው ከመበስበስ ይጠብቁት ነበር። በሌላው የዓለም ክፍል ቆዳ አልፊዎች ለዚሁ ሥራ የግራር ቅርፊት ይጠቀማሉ። ሁሉም ያስተዋሉት አንድ ነገር ነው፤ ታኒን የገባበት ነገር ቶሎ አይበሰብስም።

ምክንያቱ ታኒን ፕሮቲንን አጥብቆ መያዙ ነው። ጠንካራ ሻይ ስንጠጣ አፋችን የሚሰበሰበው ታኒኑ በምራቃችን ውስጥ ያሉትን ፕሮቲኖች ስለሚይዛቸው ነው። በቆዳ ላይ ኮላጅንን ይይዛል፤ በፔትሪ ሳህን ላይ የባክቴሪያውን ኢንዛይሞችና የሽፋኑን ፕሮቲኖች ይይዛል፣ ለዕድገት የሚያስፈልገውን ብረትም ይቀማዋል። ስለዚህ ክብ ይሠራል። ነገር ግን ታኒን የሚይዘው ያገኘውን ፕሮቲን ነው፤ የባክቴሪያ ይሁን የእኛ አይለይም። ቢጠጣ ገና ከአፍና ከአንጀት ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ይቀራል እንጂ ደም ውስጥ ገብቶ ሳንባ ድረስ አይሄድም። በባሕር ዳር ሕዝቦች ዘንድ የራይዞፎራ ቅርፊት ለተቅማጥና ለቁስል መዋሉ ከዚህ ጋር ይስማማል፤ ሁለቱም ንጥረ ነገሩ በቀጥታ የሚደርስባቸው ስፍራዎች ናቸው።

ለተማሪ የሚጠቅም ቀላል ምርመራ አለ። ኤክስትራክቱ ላይ የፌሪክ ክሎራይድ ጠብታ ሲጨመር ወደ ጥቁር ሰማያዊ ወይም ጥቁር አረንጓዴ ከተለወጠ ፊኖሎች አሉ። የጌላቲን ሙሙት ሲጨመርበት ነጭ ዝቃጭ ከወረደ ታኒን አለ። ዝቃጩን አጥልሎ የቀረውን እንደገና መፈተሽ ነው። የማገድ ኃይሉ አብሮ ከጠፋ ያገኘነው ጥንታዊውን የቆዳ አልፊ ዕውቀት ነው። ከቀረ ግን ፍለጋው መቀጠል ይገባዋል።

የሁለት ሽፋን ምሽግ

ውጤቶቹን ስናነብ በተደጋጋሚ የምናየው ሌላው ነገር፣ ኤክስትራክቶቹ ስታፊሎኮከስንና ባሲለስን ሲያግዱ ኢ. ኮላይና ሱዶሞናስ ላይ ግን ይደክማሉ። ዴንማርካዊው ሐኪም ሃንስ ክርስቲያን ግራም በ1884 ባክቴሪያዎችን በቀለም ለሁለት የከፈለበት ዘዴ ምክንያቱን ይጠቁመናል። ግራም ፖዘቲቭ የሚባሉት ወፍራም ግን ቀዳዳማ ግድግዳ አላቸው። ግራም ኔጌቲቭ የሚባሉት ከቀጭኑ ግድግዳ ውጭ ተጨማሪ የቅባት ሽፋን ለብሰዋል። በዚህ ሽፋን ላይ ያሉት የፕሮቲን በሮች ጠባብ በመሆናቸው ሞለኪውላዊ ክብደታቸው ከ600 የሚበልጥ ንጥረ ነገሮች በአብዛኛው አያልፉም፤ ብዙዎቹ ታኒኖች ደግሞ ከዚያ ይበልጣሉ። አልፎ የገባውንም ወደ ውጭ የሚረጩ ፓምፖች አሏቸው። ዛሬ ሐኪሞችን በብርቱ የሚያስጨንቁት መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች ብዙዎቹ ከዚህ ወገን ናቸው። ስለዚህ ስታፊሎኮከስን ያገደ ኤክስትራክት ደስ ቢያሰኝም፣ ምሽጉ ገና አልተደፈረም።

ከአቪሴኒያ ቀንበጥ

ከጥቅል ኤክስትራክት አልፈው ውሁዱን በስሙ የጠሩ ሥራዎች ጥቂት ናቸው፤ ክብራቸውም በዚያው ልክ ነው። በ2007 የቻይናና የጀርመን ተመራማሪዎች በጋራ ከአቪሴኒያ ማሪና ቀንበጦች ከዚያ በፊት ያልታወቁ ሰባት የናፍቶኪኖን ውሁዶችን ለይተው አቪሴኖን ብለው ሰየሟቸው። ጥቅል ኤክስትራክቱን በየክፍሉ እየለያዩ፣ በመጨረሻም የእያንዳንዱን ሞለኪውል ቅርጽ በኑክሌር ማግኔቲክ ሬዞናንስ አንብበው ነው እዚህ የደረሱት። ከዚያው ቀንበጥ ካገኟቸው ውሁዶች ውስጥ ባክቴሪያን ያገዱ ነበሩ። ከእነርሱ መካከል ግን በቤተ ሙከራ የሚያድጉ የሰው ሕዋሳትንም የጎዳ ተገኘ።

ይህ አያስደንቅም። ኪኖኖች ኤሌክትሮን ተቀብለው መልሰው ለኦክስጅን ስለሚሰጡ ጎጂ የኦክስጅን ቅርጾችን ያመነጫሉ፤ ይህም በማንኛውም ሕዋስ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ፔኒሲሊን ታላቅ መድኃኒት የሆነው የሚያጠቃው የባክቴሪያን የሕዋስ ግድግዳ አሠራር በመሆኑና የእኛ ሕዋሳት እንዲህ ያለ ግድግዳ ስለሌላቸው ነው። መርዝን ከመድኃኒት የሚለየው በሰው ሕዋስ ላይ ጉዳት በሚያደርሰው መጠንና ባክቴሪያን በሚያግደው መጠን መካከል ያለው ርቀት ነው። «ፀረ-ባክቴሪያ» ብሎ ጽፎ የሰው ሕዋስን ያልፈተሸ ሥራ፣ በእኛ አስተያየት፣ ግማሹን ብቻ ተናግሯል።

ውሁዱ የማን ነው?

ብዙ ተማሪዎችን ተስፋ የሚያስቆርጥ አንድ ክስተት አለ። ጥቅል ኤክስትራክቱ ይሠራል፤ ሲከፋፈል ግን ኃይሉ ይጠፋል፤ የትኛውም ክፍል ብቻውን አይሠራም። አንዳንዴ ምክንያቱ የተበላሸ ውሁድ ነው። አንዳንዴ ግን ተክሉ ራሱ በጥንድ ስለሚሠራ ነው። በ2000 አሜሪካ ውስጥ የተደረገ ጥናት ይህን በግልጽ አሳየ። በርበሪስ የተባሉት ተክሎች የሚያመነጩት በርበሪን ብቻውን በስታፊሎኮከስ ላይ ደካማ ነው፤ ባክቴሪያው ኖርኤ በተባለ ፓምፕ መልሶ ይተፋዋልና። ተክሎቹ ግን ሌላ ውሁድም ያመርታሉ፤ ይህ ውሁድ በራሱ ባክቴሪያን አያግድም፣ ፓምፑን ግን ይዘጋል። ሁለቱ ሲገናኙ በርበሪን ኃይለኛ ይሆናል። በማንግሮቭ ላይ የሚሠራ ሰው የማይሠራውን ክፍል ወደ ማጠቢያው ገንዳ ከመድፋቱ በፊት፣ ከተለመደ አንቲባዮቲክ ጋር አጣምሮ ቢፈትሸው አይከስርም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው ግን ውሁዱ ጭራሹን የዛፉ ላይሆን መቻሉ ነው። በማንግሮቭ ቅጠልና ግንድ ውስጥ ዛፉን ሳይጎዱ የሚኖሩ ፈንገሶችና ባክቴሪያዎች አሉ። በ2011 የታተመ አንድ ሥራ፣ በብሩጊየራ ጂምኖራይዛ ውስጥ ከሚኖር ስትሬፕቶማይሲስ የተባለ ባክቴሪያ ዳይቨርጎላይድ የተባሉ ውሁዶች መገኘታቸውን አስታወቀ። የአሠራራቸው ሥርዓት ለሳንባ ነቀርሳ ሕክምና የምናውቀው ሪፋምፒሲን ከተገኘበት ወገን ጋር ይዛመዳል፤ ሪፋምፒሲንም መነሻው በ1950ዎቹ ከደቡብ ፈረንሳይ አፈር የተገኘ ባክቴሪያ ነበር። እስካሁን በእጃችን ያሉት አንቲባዮቲኮች አብዛኞቹ የመጡት ከእንዲህ ያሉ ጥቃቅን ተህዋስያን መሆኑን ስናስብ፣ ዛፉን ከነነዋሪዎቹ መፈተሽ ብልህነት ነው።

ይህ ለደኑም እፎይታ ነው። ቅርፊቱ ዙሪያውን የተላጠ ዛፍ ይደርቃል፤ ከአንድ ቅጠል የተገኘ ተህዋስ ግን በማፍያ ዕቃ ውስጥ ሊራባ ይችላል። ዘዴውም ከባድ አይደለም። ቅጠሉ በአልኮልና በበረኪና ከላይ ይጸዳል፣ በንጹሕ ውኃ ይታጠባል፣ በትናንሹ ተቆርጦ በአጋር ላይ ይቀመጣል፤ የመጨረሻው እጣቢ ውኃም ለብቻው በሌላ ሳህን ላይ ይፈስሳል። እጣቢው ሳህን ምንም ሳያበቅል ከቀረ፣ ከቅጠሉ ቁራጭ ጠርዝ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ብቅ የሚለው ነጭ ክር ከውጭ የመጣ ሳይሆን ከውስጥ የወጣ ነው።